ለአንድ ሰው የማይሰጥ አድራሻ

ሐኪሙ ሦስት ከረጢት ደም ተዘጋጅቶ ካላየ ቢላ እንደማያነሳ ሲነግረን ሚጢ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ጥፍሯን ትሞርድ ነበር። ቀና አለችና ሦስት ብቻ ከሆነማ ምን ችግር አለ፣ እኔ በርሜል የሚሉ መስሎኝ ነበር አለች። ሐኪሙ አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም።

ሚጢ የባሌ ታናሽ እህት ናት። ዕድሜዋ ወደ አርባ ቢጠጋም የልጅነት ስሟ አልለቀቃትም። ስንት ጊዜ ተስፋ ተቆርጦበት የነበረውን የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳለች፤ እንግዴ ልጁ ግን የማህፀኑን በር ዘግቶ ተቀምጧል። በምጥ መውለድ አይታሰብም፤ በቀዶ ሕክምናም ቢሆን ብዙ ደም መፍሰሱ አይቀርም። ደሟ ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ ዓይነት አይደለም። በዚያ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ለእሷ የሚሆን አንድም ከረጢት አልነበረም፤ በሌሎቹም ጠይቀን አጣን። ከዚህ በፊት ደም ባስፈለጋት ቁጥር ክንዱን የሚዘረጋላት ወንድሟ ነበር። ወንድሟ ባለቤቴ ነው። ከሞተ ዓመት አልፎታል።

ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። እዚህ የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው፦ የእሱና የእህቱ ደም ብርቅ በመሆኑ፣ እንደነሱ ብርቅ ደም ያላቸውን ሰዎች ከየከተማው የሚያሰባስብ ማኅበር አቋቁሞ ነበር። አሁን ማኅበሩን የያዝሁት እኔ ነኝ። ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ እና ሲስተር የምንላት ጡረታ የወጣች ነርስ አለን። ደም ሲፈለግ ለአባላቱ ሁሉ ኢሜይል እንልካለን፤ የሚችል ይመጣል። ስልክ ቁጥራቸውን አንይዝም። ባለቤቴ ሲመዘግባቸው በስልክ እንደማንነዘንዛቸው ቃል ገብቶላቸዋል። ከደብዳቤያችን ግርጌም ሌሎች እንደሚያደርጉት «መቀበል ካልፈለጉ እዚህ ይጫኑ» የሚል መስመር የለም። ሲስተር ለምን እንደሌለ ጠይቃው ነበር፤ ሰው ከቤተሰቡ ቁልፍ ተጭኖ አይወጣም ብሏት ሳቀ። አባላቱንም በገቡበት ቅደም ተከተል ነበር የሚያስቀምጣቸው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይጠራል።

ለሚጢ የሚሆነውን ጥሪ ከሆስፒታል እንደተመለስሁ ጻፍሁ። ደብዳቤያችን ሰውየውን በስሙ ይጠራና «ደምዎ ይፈለጋል» ብሎ ይጀምራል። ሌላ ጊዜ መልሱ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ነበር የሚመጣው። አሁን የመጣው ሦስት መልስ ብቻ ሆነ፤ አንዱ ውጭ አገር ነው፣ አንዷ የደም ማነስ ይዟታል፣ አንዱ በቅርቡ ሰጥቷል። ከዚያ ሳጥናችን በተመለሱ ደብዳቤዎች ይሞላ ጀመር።

ከአባላታችን አብዛኛዎቹ ኢሜይላቸው ያለው በአንድ ትልቅ ድርጅት ዘንድ ነው። ያ ድርጅት ከደብዳቤዎቻችን የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች አስገብቶ የቀሩትን በሩ ላይ መልሷቸዋል። ምክንያቱንም በአጭሩ ጽፎልናል፤ ከተቀባዮቻችን መካከል «አይፈለጌ» የሚለውን ቁልፍ የሚጫኑብን በዝተዋል። ሲስተር መነጽሯን አድርጋ አነበበችውና ደም የሚለምን አይፈለጌ ከሆነ እንግዲህ፣ አለችና ሳትጨርሰው ተወችው።

በማግስቱ ደግሜ ላክሁ። በማግስቱም። የሚሰማ ያጣ ሰው በር ሲደበድብ የክንዱን ሕመም እንደማያዳምጠው ሆንሁ። በላክሁ ቁጥር የሚገቡት ጥቂቶች ይበልጥ ጥቂት ሆኑ። ከግል አድራሻዬ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ልጽፍ ሞከርሁ፤ ገና ከመጀመሬ አድራሻዬ ተቆለፈብኝ። የሚጢ ባል የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። እሱ ደግሞ የደሟን ዓይነት በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፎ በአውቶቡሱ የፊት መስታወት ለጠፈው። ተሳፋሪ ፎቶ እያነሳ ወሰደው፤ ሰውም መጣ፤ የመጣው ሁሉ ደሙ የተለመደው ዓይነት ሆነ። አንዲት ሴትዮ ደሜ ጣፋጭ ነው፣ ልጅቱ ትወደዋለች ብላ መጥታ ሲመረመር ስኳር ተገኘባት። ሾፌሩ ይህን ሲያወራ ይስቃል፤ እጁ ግን የአውቶቡሱን ቁልፍ አላስቀምጥ ብሎ ያገላብጠዋል።

ትልቁ ድርጅት መውጫ መንገዱንም ጽፎልን ነበር። ከፈለጋችሁ በእናንተ ላይ ቅሬታ በቀረበ ቁጥር ማሳወቂያ እንልክላችኋለን፤ ቅሬታ ያቀረበውን ሰው ሁሉ ከዝርዝራችሁ አውጡ፤ ከዚያ በሩ ይከፈትላችኋል ነው የሚለው። ማሳወቂያው እንዲላክልን ግን የማኅበሩ የኢንተርኔት ስም የራሳችን መሆኑን ማረጋገጥ አለብን። ማረጋገጫው የሚላከው ወደ አንድ አድራሻ ብቻ ነው፤ በማኅበራችን ስም ሥር «ፖስትማስተር» ወደሚል አድራሻ። የፖስታ ኃላፊ እንደማለት ነው።

እንዲህ ያለ አድራሻ አልነበረንም። ልክፈተው ስል አልከፈትም አለ። የኢሜይል ሳጥኖቻችን በራሳችን ስም ቢጠሩም የሚያስተዳድራቸው ሌላ ድርጅት ነው፤ በየዓመቱ ከፍለን እንጠቀማለን። ሲስተር አከራዩ ነው የምትለው። አከራዩ ያንን ስም ለራሱ ይዞታል። ደወልሁለት። ስልኩን ያነሳው ወጣት ድምፁ ተቀድቶ የተቀመጠ ይመስል ነበር።

«ስሙ እኮ የራሳችን ነው» አልሁት።

«አዎ እመቤቴ፣ የእርስዎ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልከፍተውም?»

«የተጠበቀ ስለሆነ ነው።»

«የሚጠብቀው ማነው?»

«እኛ ነን።»

«በዚያ አድራሻ የሚመጣውን የሚያነበው ሰው አለ?»

«እሱን እንኳ እኔ አላውቅም እመቤቴ።»

ሰው ሊሞትብን ነው አልሁት። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። ይቅርታ ጠይቆ፣ ይህ ለአንድ ሰው የሚሰጥ አድራሻ አይደለም አለኝ። ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። ሌላ የሚረዳኝ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ።

ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ልጁ የተናገረው ከወረቀት አንብቦ ነው፤ ያንን የጻፈ ሰው ደግሞ የሆነ ነገር አስቦ መሆን አለበት። የአከራዩን መመሪያ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርሁ። ዩኒቨርሲቲ ከለቀቅሁ ወዲህ እንደዚያ አንብቤ አላውቅም። ከመስኮቱ ሥር ጎማ ጠጋኙ ጎማ ይደበድባል፤ ሲስተር ሻይ አምጥታ፣ ቀዝቅዞ፣ መልሳ ወስዳ አሙቃ አመጣችው። ያገኘሁት ማንም የማያየው ጥግ ላይ ነበር። በዚያ ስም የግል ሳጥን መክፈት ክልክል ነው፤ ቡድን ማቋቋም ግን ይፈቀዳል። ቡድን ማለት የራሱ ሳጥን የሌለው፣ የመጣለትን ለአባላቱ የሚያድል አድራሻ ነው። አከራዩ የሚመጣውን ለራሱ ቢያስቀርም ቅጂው ለአባላቱ ይደርሳል።

ቡድኑን አቋቋምሁ፤ አባላቱ እኔና ሲስተር ነን። ሲስተር በዕድሜዋ ከገባችባቸው ማኅበራት ሁሉ ስብሰባ የማይጠራበት ይህ ብቻ መሆኑን ተናግራ ደስ አላት። ማረጋገጫው እንዲላክ ጠየቅሁ። ጠበቅን። አልመጣም።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ቡድን ሲቋቋም ከውጭ የመጣን ደብዳቤ እንዳይቀበል ሆኖ ነው የሚቋቋመው፤ ያንን ሳላይ አልፌያለሁ። ማረጋገጫው መጥቶ ከገዛ በራችን ተመልሷል። ቅንብሩን ቀይሬ እንደገና ስጠይቅ ትልቁ ድርጅት በላይ በላዩ መጠየቅ አይቻልም፣ ታገሱ አለኝ። ስክሪኑ ላይ ያለችውን ያቺን ቃል እያየሁ ሳለ ሾፌሩ ደወለ። ሰላምታ አልሰጠኝም። ፈሰሳት አለኝ።

ስደርስ ደሙ ቆሞላት ነበር። ከንፈሯ ግን ከአንሶላው አይለይም። ሐኪሙ የቀዶ ሕክምናውን ቀን አስቀድሞታል፤ ሁለተኛ ከፈሰሳት ደግሞ ቀን የሚባል ነገር እንደሌለ በመተላለፊያው ላይ ለብቻዬ ነገረኝ። ሚጢ ባሏን ውሃ ግዛ ብላ ላከችው። ውሃ አጠገቧ ሞልቷል።

«እትዬ፣» አለችኝ፣ «ካልሆነ ልጁን ያትርፉልኝ። ለእሱ መንገር አልችልም። አንቺ ንገሪያቸው።»

«ደሙ ይመጣል።»

«ከየት?»

«ይመጣል አልሁሽ።»

እጄን ይዛ ዓይኔን ፈለገች። አንቺ እንኳ መዋሸት አትችይበትም ነበር አለችኝ። ከዚያ ባሏ ውሃውን ይዞ ሲገባ፣ ጋዝ ያለው አላልሁህም ብላ ተቆጣችው፤ እሱም ደስ ብሎት ሊለውጥ ሄደ።

ቢሮ ስመለስ ማረጋገጫው መጥቶ ነበር። ተጫንሁት፤ ተመዘገብን። ጥሪውን እንደገና ላክሁ። እንደተለመደው ጥቂቱ ገባ፣ ብዙው ተመለሰ። የቅሬታ ማሳወቂያ ግን አንድም አልመጣም። ለካ የቡድኑ ማጣሪያ ማሳወቂያዎቹን ራሳቸውን አይፈለጌ ናቸው ብሎ ለብቻ አቁሟቸዋል። እያንዳንዱ ማሳወቂያ የተከሰሰውን ደብዳቤ በሆዱ ይዞ ስለሚመጣ ማጣሪያው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለትም አይቻልም። ትልቁ ድርጅት ያለፉትንም ቅሬታዎች ጨምሮ ልኮልን ነበር፤ አንድ በአንድ ለቀቅኋቸው።

ማሳወቂያው ቁልፉን የተጫነው ማን እንደሆነ አይናገርም። ደብዳቤውን ግን እንዳለ ይመልሰዋል፤ የኛ ደብዳቤ ደግሞ የሰው ስም ጠርቶ ነው የሚጀምረው። የመጀመሪያውን ስም ሳነብ ሲስተር ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። ይህ ሰውዬ አርፎ የለም እንዴ አለች። ቀብሩ ላይ ነበረች። ሁለተኛዋን ሴትም ታውቃታለች፤ በኩላሊት በሽታ ነው የሄደችው። እንዲህ እያልን ወረድን። አንዳንዱ በሕይወት ያለ፣ የሰለቸው ሰው ነው። አብዛኛው ግን ከመጀመሪያዎቹ አባላት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ደግሞ አርጅተዋል። ለሞተ ሰው ደምዎ ይፈለጋል እያልን ስንጽፍ ከርመናል። የሞተን ሰው ኢሜይል የሚከፍተው ሚስቱ ናት፣ ወይም ባሏ፣ ወይም ልጅ። ሞቷል ብሎ መልስ ለመጻፍ አንድ ቃል ይበቃል። ያንን አንድ ቃል መጻፍ ለምን እንደሚከብድ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም።

ከዚያ ተከታትለው የቆሙ ማሳወቂያዎች መጡ። ሁሉም የሚጀምሩት በባለቤቴ ስም ነው።

ሲስተር ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ መንገዱ ላይ የሚታይ ነገር እንዳለ ሁሉ ቆማ ቀረች።

በዝርዝሩ ላይ አንደኛው እሱ ነው። ከሞተ በኋላ አላወጣሁትም። ለምን እንዳላወጣሁት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ትልቁ ድርጅት ከደብዳቤዎቻችን የመጀመሪያዎቹን ብቻ ሲያስገባ፣ ከሁሉም ፊት የሚገባው የእሱ ነበር። እኔ በጨነቀኝ ቁጥር እልካለሁ፤ በላክሁ ቁጥር በዚያ በኩል አንድ እጅ ቁልፉን ይጫናል፤ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር በሩ ይበልጥ ይጠብባል። እጁ የማን እንደሆነ አውቄያለሁ። ስልኩን ከቀብሩ በኋላ ፎቶዎቹን ልይ ብለው የወሰዱት እናቱ ናቸው። መልሱልኝ ብያቸው አላውቅም።

እቤታቸው ስገባ አማቴ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ያጣጥፉ ነበር። ስልኩ ራስጌያቸው ላይ ቻርጅ ተሰክቶበታል። ሚጢ ሆስፒታል የገባችው ለዕረፍት ነው ብለናቸዋል፤ ልባቸው ደካማ ስለሆነ ስለ ደሙ አንስተንባቸው አናውቅም። ስለ ሚጢ ጠየቁኝ፤ ደህና ናት አልሁ። ስለ ስልኩ ራሴ ሳላነሳ እሳቸው አነሱት።

«ይህ ነገር ይመጣል ልጄ። በስሙ ይጠሩታል። ደምዎ ይፈለጋል ይሉታል» አሉ። «ከየት አምጥቶ ይስጣቸው?»

እንዲጠፋላቸው ምን እንደሚያደርጉ ጠየቅኋቸው። ይችን ሲጫኑ ይጠፋል ብሎ የሚጢ ባል አሳይቷቸዋል፤ እስኪለምዱት ድረስም ደጋግሞ አለማምዷቸዋል። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ይባረክ አሉ። ጣታቸውን በመስታወቱ ላይ አድርገው እንዴት እንደሚጫኑት አሳዩኝ።

ሾፌሩ ያንን ሲያሳያቸው ምን እንደሚያስከትል አላወቀም። እሳቸውም አላወቁም። እኔ አውቄ ነበር የተቀመጥሁት፤ ያወቅሁት ከእኔ ጋር እንዲቀር እዚያው ወሰንሁ።

«ከእንግዲህ አይጠሩትም እማማ።»

«ማን ነገረሽ?»

«የምልከው እኔ ነኝ።»

ጋቢውን አጣጥፈው ጨረሱ።

«አንቺም ትጠሪዋለሽ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም።

የተጣጠፈውን ጋቢ ተቀብዬ ሣጥኑ ላይ አስቀመጥሁላቸው። ደጁ ድረስ ሸኙኝ።

ቢሮ ስመለስ ሲስተር ቀሪዎቹን ስሞች ሰርዛ የእሱን ለእኔ ትታልኝ ነበር። ስሙ ላይ ምልክት አደረግሁ። ኮምፒውተሩ ከዝርዝሩ ይሰረዝ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልሁት። ሁለተኛ የነበረው ሰው አንደኛ ሆነ።

ከደብዳቤው ግርጌ መውጣት ለሚፈልግ መውጫ መስመር ጨመርሁ። ከሥሩም፣ የጠራነው ሰው በሕይወት ከሌለ ምንም መጻፍ ሳያስፈልግዎ ይህን ብቻ ይጫኑ የሚል ሌላ መስመር አስገባሁ። ለትልቁ ድርጅት ያደረግሁትን ዘርዝሬ ጻፍሁ። በጥቂት በጥቂቱ ላኩ፣ እያየን እንከፍታለን አሉ። በዚህ ጊዜ ከመጨረሻዎቹ አባላት ጀመርሁ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደብዳቤዎች ላክሁ፤ አልተመለሱም። ቀጣዮቹን ላክሁ፤ አልተመለሱም። ሲስተር ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሁለታችንም ስክሪኑን የምናየው ድስት ገንፍሎ እንዳይወጣ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር።

መጀመሪያ የመለሰችው ዳቦ ጋጋሪ ናት። ከተመዘገብሁ ጀምሮ አንድ ቀን አልጠራችሁኝም፣ ደሜን ንቃችሁት ነው ወይ ብላ ጻፈች። የአሳንሰር ጠጋኝ የሆነ ሰውዬ ተከተለ። ሦስተኛዋ በሌላ ከተማ የምትኖር የባንክ ጸሐፊ ናት፤ አውቶቡስ ተሳፍሬያለሁ የሚል አጭር መልስ ሰጠች።

ሁለቱ ደም ሰጥተው ደማቸው ገና በምርመራ ላይ ሳለ ሚጢ ሁለተኛ ፈሰሳት። ሐኪሙ ሦስተኛውን አልጠበቀም። አልጋዋን እየገፉ በአጠገባችን ሲያሳልፏት ዓይኗ ተከድኖ ነበር፤ ቀልድም አልተናገረችም። ሾፌሩ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ጸሐፊዋ መናኸሪያ ደርሳለች፣ ሂድና አምጣት አልሁት። ቆሞ ከመጠበቅ መንዳት ይሻለዋል ብዬ ነው። ተሳፋሪ በሌለበት የከተማ አውቶቡስ አንዲት ሴት ብቻዋን አሳፍሮ በሆስፒታሉ በር ገባ። ዘበኛው መስመርህ በዚህ ነው ወይ ብሎ ሲጮህበት፣ ዛሬ በዚህ ነው ብሎት አለፈ።

ነርሷ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል እየወጣች ወደ ላቦራቶሪው መስኮት ትመላለሳለች። አንደኛውን ከረጢት ወሰደች። ሁለተኛውን ወሰደች። ከዚያ ባዶ እጇን መጥታ በመስኮቱ ቆመች፤ ውስጥ ያለው ሰው ገና ነው ብሎ እጁን አወዛወዘላት። እዚያው ቆማ ጠበቀችው። ሾፌሩ የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ አሰረ፣ ፈትቶ አሰረ። ሦስተኛው በመስኮቱ ሲወጣ ነርሷ አልሮጠችም፤ ከረጢቱን በሁለት እጇ አቅፋ በፍጥነት ሄደች፤ በሩም ተዘጋ።

ሐኪሙ ሲወጣ ጭምብሉን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ ከአጠገባችን ባለው ወንበር ላይ እሱም ተቀመጠ።

«አሉ» አለ።

«አሉ ማለት?» አለ ሾፌሩ።

«እናትም ልጅም።»

ሾፌሩ ጉልበቱ ላይ ተደፋ። እጄን ጀርባው ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁና ተነሳሁ።

ደም ለጋሾቹ የሚያርፉባት ክፍል ከመተላለፊያው ጫፍ ናት። ሁለቱ ሄደዋል። ዳቦ ጋጋሪዋ ብቻ ክንዷ ላይ ፋሻ እንዳለ ተቀምጣለች፤ እንድትሄድ ቀድሞ ተነግሯታል። ደሙ ለማን እንደሆነ ለሰጪው አንናገርም፤ ደንባችን ነው። እሷም ለማን ብላ አልጠየቀችኝም። ሰፊ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ደረሰ?» አለችኝ።

«ደረሰ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ፊቴን አይታ ይሁን አላውቅም፣ ወንበሯ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ተቀመጥሁ። ብዙ ጊዜ አብረን ተቀመጥን፤ እሷ ስለ ሊጥ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ።